የጎን ብርሃን

የካሜራውን መቆሚያ ሦስተኛ እግር የግራሶ ቅባት ያልነካው ቦታ ላይ ለማሳረፍ ወለሉን በጫማዋ ጫፍ እየዳበሰች ነበር። የባቡር ጋራዥ ወለል እንደ ክፉ ጎረቤት ነው፤ ደህና ነው ባሉት ቦታ ያንሸራትታል። እግሩ ሲረጋላት ካሜራውን አጥብቃ ዐይኗን አስጠጋች።

የብረት ጎማው በሁለት የእንጨት ጉማጅ መካከል ብቻውን ቆሟል። ከሦስት ሳምንት በፊት ሐዲድ ስቶ ከወደቀው ባቡር የተፈታ ነው። ስምንት ሰው ሞቷል፤ አንዱ ሾፌሩ ነበር።

ከጎማው ማዶ አባቷ ነጭ ካርቶን ታቅፎ ቆሟል። የጎማ መርማሪ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ባቡር ከመነሳቱ በፊት እያጎነበሰ፣ እያንዳንዱን ጎማ በመዶሻ መታ እያደረገ ድምፁን ሲያደምጥ ኖሯል። ጤነኛ ጎማ እንደ ደወል ያቃጭላል፤ የተሰነጠቀ ግን እንደ ነቃ ገንቦ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሟቹ ሾፌር ከመስኮቱ ብቅ እያለ «አንተ ሰውዬ፣ ማንኳኳቱን ተው፤ ከገባን ቆየን እኮ» ይለው ነበር።

የአባቷ ጆሮ ቀጭን ድምፅ መስማት ከተወ ሁለት ዓመት እንዳለፈው የሚያውቁት እሱና እሷ ብቻ ናቸው። ሐኪም ዘንድ ይዛው የሄደችው እሷ ናት። ጡረታው እስኪደርስ አፏን እንድትይዝለት ሲለምናት፣ የሐኪሙን ወረቀት አጣጥፋ ከልብሷ ሥር የከተተችውም እሷው ናት።

ፎቶ እንድታነሳ ያዘዛት አጣሪ ኮሚቴ ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ስንጥቁ አሮጌ ነው ወይስ አዲስ? አዲስ ከሆነ ጎማው የተሰነጠቀው ባቡሩ ሲወድቅ ነው፤ ጥፋቱም በፍጥነት ነድቷል በሚባለው ሾፌር ላይ ይወድቃል። አሮጌ ከሆነ ግን መዶሻ ይዞ ያለፈው ሰው አልሰማውም ማለት ነው። አሮጌ ስንጥቅ ውስጡ ዝገት ይቋጥራል። የካሜራ ፍላሽ፣ ዘይት የጠጣ ብረት ላይ ነጭ ብልጭታ ብቻ ስለሚተው፣ ያንን ዝገት የሚያወጣው የቀን ብርሃን ነው፤ ያውም ከጎን ሲመጣ። የጎን ብርሃን ደግሞ እዚህ የሚገባው ረፋድ ላይ፣ በምሥራቁ ግድግዳ አናት ባለችው መስኮት፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

የጋራዡ ሹም ቀደም ብሎ ብቅ ብሎ ነበር። ሠራተኛው ከጀርባው «ቅባቱ» ይለዋል፤ የማያለሰልሰው ነገር የለምና። ሰማዩ ደመና ነው፣ ምን ያስጠብቅሻል፣ እንዲሁ አንሺውና ጎማው ከሰዓት በኋላ ወደ ማቅለጫው ይሂድ አላት። ከዚያ አባቷን በዐይኑ ጥግ እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ማድረጉ ባያስፈልገውም።

«ለጋሼ ጡረታ አራት ወር ነው የቀራቸው። ሙት ወቃሽ አያርገኝና፣ የሞተ ሰው አይታሰርም።»

እሷ ወደ ካሜራዋ ዞረች። የሾፌሩ ሚስት የመሥሪያ ቤቱን ቤት ልቀቂ መባሏን ታውቃለች፤ ትናንት ልጆቿ ፍራሽ በራሳቸው ተሸክመው ሲወጡ አይታለች። ሹሙ ከሄደ በኋላ ግን በዚያ ሙት ብርሃን ሦስት ጊዜ አነሳችው። ፎቶው ላይ ስንጥቁ አንድ የፀጉር ዘለላ ያህል ጥቁር መስመር ነው፤ ዕድሜ የለውም።

ካሜራው ቀጭ ሲል አባቷ አልሰማውም።

«ጀመርሽ?» አላት፣ የራሱን ድምፅ እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብሎ።

ገና ነኝ ለማለት ራሷን ወዘወዘች።

ወዲያው ደመናው ሳሳ። ብርሃኑ በመስኮቷ ሾልኮ ገባ፤ በቆሙት ፉርጎዎች ጣሪያ ላይ ተንሸራቶ፣ የተንጠለጠለውን አቧራ እየቀሰቀሰ ወርዶ የጎማውን ጠርዝ ያዘ። አባቷ ሳትነግረው ካርቶኑን ከፍ አድርጎ አዘነበለና የተረፈውን ብርሃን ወደ ስንጥቁ መለሰው። ሥራውን ያውቀዋል። የመጀመሪያ ካሜራዋን የገዛላት ጊዜ፣ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ባቡር ስታነሳ ከምሳ ሰዓቱ ቆርሶ ካርቶን ይይዝላት ነበር።

ስንጥቁ ተከፈተ። ውስጡ የጡብ ቀለም ያለው ዝገት ነበር፤ ድርብርብ፣ የብዙ ወር።

አባቷም አየው። ካርቶኑን ግን አላወረደውም።

«ኮሚቴው ፊት ቆሜ ልናገር ነበር» አላት። «ምላሴ ተሳሰረ። ይኼ ይናገርልኝ። አንሺው፣ ልጄ።»

አጎነበሰች። በካሜራው ውስጥ ጎማው አለ፤ ዝገቱ አለ፤ በስተቀኝ ደግሞ ካርቶኑን የጨበጡ የአባቷ ጣቶች ገብተዋል፤ ጥፍሮቻቸው በዘይት ጠቁረዋል። ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። አልተጫነችውም። ፎቶ የሚያነሳ ሰው የሚቆይበትን ያህል ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆየችና ቀና አለች። ከከንፈሯ እንዲያነብ ቃሉን ለየት ለየት አድርጋ፣

«አነሳሁት፣ አባዬ» አለችው።

ዐይኑን ጨፈነ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ትከሻው ቀለል ብሎ ሲወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው።

«እግዜር ይስጥሽ» አለ፤ የዚህን ጊዜ ድምፁ አልጮኸም።

ብርሃኑ ጎማውን ለቆ ወለሉ ላይ ወረደ፤ ከዚያም ጠፋ። አባቷ ካርቶኑን እፍ እፍ ብሎ አቧራውን አራገፈና ግድግዳው ላይ ቀስ አድርጎ አስደገፈው። እሷ በሙት ብርሃን ያነሳቻቸውን ሦስቱን ፎቶዎች ብቻ ይዛ የሌንሱን ክዳን ገጠመች።