ያለ ነዳጅ የሚያበራው ሳጥን

«እኔን የሚሸውድ ገና አልተወለደም» እያለች ነበር ዳይሚ ወደ አክስቷ ግቢ የገባችው። በኩባዋ ባያሞ ከተማ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ሻጭ ሳጥን ላይ ማግኔት የተለጠፈበት መዘውር እያሽከረከረ «ያለ ነዳጅ ዕድሜ ልክ ያበራል» ይላል። አምፖሉ በርቷል፤ የጎረቤቱም ስልክ ሁሉ ሳጥኑ ላይ ተሰክቷል። አክስቷ አሳማዋን በዚህ ሳጥን እንዳትለውጥ ስለሰጋች፣ ዳይሚ እጇን ሰዳ መዘውሩን ያዘችው። መዘውሩ ቆመ፤ አምፖሉ ግን አልጠፋም።

«ውስጡ ባትሪ አለ» አለች፣ ጭብጨባ እየጠበቀች። ማንም አላጨበጨበም። ሰውዬው ገመዶቹን ነቃቅሎ ሳጥኑን ተሸክሞ ወጣ።

አክስቷ ስልኳን አየች፤ ሰባት ፐርሰንት። «ባትሪ እንዳለውማ ድመቷም ታውቃለች። አሳማዬንስ ማን ሊሰጠው? ስልካችን እስኪሞላ ነበር ዝም ብለን የሰማነው። በይ አሁን አንቺ ቻርጅ አድርጊልን።»