ሟች የሌለበት ለቅሶ

ሽምብጥ ሰፈር ሰው ሲሞት ግጥም እያወጣች የምታስለቅሰው እሷ ነበረች። ባሕር ዳር እየሰፋች ስትሄድ የድሮ ጎረቤቶቿ ተበታተኑ፤ አዲሶቹ ደግሞ ለለቅሶ አይጠሯትም። ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ግን ለቱሪስቶች ባህላዊ ለቅሶ እንድታሳይ ጠራት። ባሏ እንዳይሰማባት ደብቃው ሄደች።

«ለማን ነው የማለቅሰው?» ስትል ሥራ አስኪያጁን ጠየቀችው።

«ለፈለጉት! እንግዶቹ እንደሆኑ አማርኛ አይሰሙ፣ ምን አስጨነቀዎት እማማ?»

የሞተ ሰው ለትርኢት መጥራት ነውር ሆነባት። እንግዶቹ ካሜራቸውን ደግነው ሲጠብቋት ግን ከአፏ የወጣው የባሏ ስም ነው፦

«ዓሣ አጥማጅ ጣሰው፣ ታንኳው ብቻ ቀረ፣
እኔን ላብላ ብሎ ከብርድ ጋር ያደረ።»

ደረቷን እየመታች ብዙ ገጠመችለት። ቱሪስቶቹ ቆመው አጨበጨቡ። እንባዋን ጠርጋ ዞር ስትል፣ ለሆቴሉ ዓሣ ሊያስረክብ የመጣው ጣሰው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«በቁሜ ቀበርሽኝ አይደል?» አላት።

«አፈር ስሆን ጣሰው፣ ይቅር በለኝ!»

ጣሰው ዘንቢሉን መሬት አስቀምጦ ወንበር ሳበ።

«በይ ቀጥይ» አላት፤ «የሞትኩ ለት አልሰማውም።»