«ልጆቼ በዚህ ፀሐይ አይሮጡም»

«ልጆቼ በዚህ ፀሐይ አይሮጡም።»

ሀምዲያ ይህን ስትል መነሻው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት...

አሶሳ ነው። ወሩ መጋቢት።

የከተማዋ የሩጫ ክለቦች ውድድር የሚጀመረው ጠዋት ነበር። የክብር እንግዶቹ አውሮፕላን ዘገየና ሲጠበቅ ሲጠበቅ ቀትር ሆነ።

የሴቶቹን ክለብ የምታሰለጥነው ሀምዲያ ናት።

አዘጋጁ ስለሺ ተጠጋት።

«ሀምዲያ፣ በየዓመቱ መጋቢት ላይ አይደል እንዴ የምንሮጠው?»

«መጋቢቱ ያው ነው። ሙቀቱ ግን የድሮው አይደለም። ነገ በጠዋት እንሩጥ።»

«እንግዶቹ ማታ ይመለሳሉ። ካልሮጣችሁ ትሰረዛላችሁ። የክልሉ ቡድን የሚመረጠውም ዛሬ ነው።»

«ሰርዘን።»

ልጆቹን ይዛ ማንጎው ጥላ ስር ተቀመጠች።

ለዚህ ምርጫ ስትለፋ የከረመችው የገዛ ልጇ ሐኒም አብራ ተቀመጠች... እያለቀሰች።

«ፈንታን ፈርታ ነው» አለ አንዱ ተመልካች።

ፈንታ የተቀናቃኙ ክለብ አሰልጣኝ ነው። ከሀምዲያ ጋር ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ሐኒ ከሌለች ደግሞ ዋንጫው የእሱ ነው...

ስለሺ ፊሽካውን አነሳ።

ፈንታ ግን ሯጮቹን ከመስመሩ አስወጣ።

«ጋሽ ፈንታ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ጥላው።»

«ዋንጫው እኮ በእጅህ ነው...»

ፈንታ ቆም አለ።

«አምና አንዷ ልጄ ልምምድ ላይ በሙቀት ወደቀች። አንዲት ሴት በባጃጅ ሆስፒታል አድርሳ፣ ስሟን ሳትናገር ሄደች። ላመሰግናት ብፈልግ አጣኋት... ዛሬ ልጅቷ "ያቺ ናት" ብላ አሳየችኝ።»

ጣቱ ሀምዲያ ላይ አረፈ።

«የእኔ ሯጭ መሆኗን አላወቅሽም ነበር?»

«ማሊያውን አየሁ እኮ» አለች ሀምዲያ። «ታዲያ መንገድ ላይ ልተዋት?»

ፈንታ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ውድድሩ ተበተነ። ሁለቱም ክለቦች ከምርጫው ተሰረዙ። ሐኒ ሳትመረጥ ቀረች፤ እናቷንም ለቀናት አኮረፈቻት።

እነሱ ግን አልተበተኑም...

ሁለቱ ክለቦች፣ ሙቀቱ እነሱንም ያስቸገራቸው የከተማዋ የእግር ጉዞ ማህበርና ስካውቶች አንድ ላይ ቁጭ ብለው ፕሮግራማቸውን እንደገና አወጡ። ልምምድ ጎህ ሲቀድ። ጉዞና ካምፕ ክረምቱ ሲወጣ። የመጠጥ ውሃና ድንኳን በጋራ።

ጥቅምት ላይ የራሳቸውን ውድድር በማለዳ አካሄዱ። የክብር እንግዳ አልጠሩም።

ወዳጆቼ፣ አየሩ ተለውጦ እያየን «እንደ ድሮው ይሁን» ማለት ጀግንነት አይደለም። የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ዋንጫ ይቅር። ተቀናቃኝህም ቢሆን ፀሐዩ የሚያቃጥለው እኩል ነው።

እስቲ በሐቅ መልሱልኝ... የሐኒ እናት ብትሆኑ ያን ቀን ታስቀምጧት ነበር ወይስ ታስሮጧት? 👇