የጠፋችው አልመንድ

«እንግዲህ የደበቀው ሰው ይናገራ!» አለ ፕሬበን፣ ማንኪያውን በባዶው ጎድጓዳ ሳህን ጠርዝ ላይ እያንኳኳ።

የገና ዋዜማው የሩዝ ገንፎ ከነክሬሙ፣ ከነትኩስ የቼሪ ስጎው ተጠርጎ አልቋል፤ ውስጡ የተደበቀችው ሙሉ የለውዝ ፍሬ፣ አልመንዷ፣ ግን አልወጣችም። ያገኛት ሰው ጉንጩ ውስጥ ሸጉጦ ዝም ይላል፣ ሌላው ሆዱ እስኪቆዘር በከንቱ ተስፋ ይበላል፣ ገንፎው ሲያልቅ ባለአልመንዱ አውጥቶ ያሳይና ከማርዚፓን፣ ከተፈጨ አልመንድና ስኳር፣ የተሠራውን አሳማ ይሸለማል። እስከ ማለቂያው መደበቅ ወግ ነው። ካለቀ በኋላ ግን ማን ይደብቃል?

ቶቬ የልጇን የፕሬበንን ዓይን ሸሸች። ምን እያሰበ እንደሆነ ታውቃለች። በመከር ምድጃውን ሳታጠፋ ገበያ ሄዳ ወጥ ቤቱ በጭስ ታፍኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፕሬበን ስለ አረጋውያን መኖሪያ ማውራት አላቆመም። «እስቲ ገናን እንይ» ብሏት ነበር ባለፈው። ይኸው ገና መጣ፣ እሱም እያየ ነው።

«እማዬ፣» አለ ድምፁን አለስልሶ፣ «መጨመሩንስ ጨምረሻታል?»

ደሟን ያፈላው ያ መለሳለሱ ነው።

«አብጃለሁ እንዴ? በገዛ እጄ ነው የከተትኳት!»

ቃላቱ አፏ ውስጥ ትንሽ ተኮላተፉባት። አዲሱ ሰው ሠራሽ ጥርሷ ገንፎው ከተጀመረ ወዲህ በግራ በኩል እየቆረቆራት ነበር። ፕሬበን ይህንንም ሳያስተውል አልቀረም።

ጨምራታለች። ክሬሙ ላይ ጥላ በማንኪያ ጀርባ ስታሰምጣት በደንብ ትዝ ይላታል። ታዲያ ማን ጋ ናት?

የሟች ባሏ ወንድም አይናር ጢሙን በመዳፉ ሸፍኖ ተቀምጧል። ይህ ሰው ካርታ ተጫውቶ ሳያጭበረብር የተነሳበት ቀን የለም።

«አንተ አጭበርባሪ፣ እስቲ አፍህን ክፈት!»

«ምን አደረግኩ ደሞ!» አይናር አፉን እስከ ጉሮሮው ከፈተላት። «ይኸው ፈትሺ! ከፈለግሽ ኪሴንም ልገልብጥልሽ።»

ምራቷ ሊስቤት ሳቀች። ቶቬ ዞራ አፈጠጠችባት። ማምሻውን ሙሉ ብዙም አልተናገረችም። ከእራት በፊት ግን «ይህ መስኮት እንዴት ያለ ብርሃን ያስገባል!» ስትል ሰምታታለች። ቤቱ ላይ ዓይኗን ጥላ አልመንዷን ውጣት ቢሆንስ? አማቴ ጃጅታለች ለማለት ከዚህ የሚቀል ምን አለ?

«አንቺስ? ምነው ዝም አልሽ?»

«እውነቴን ነው እማማ፣ አላገኘኋትም።» ሊስቤት ፊቷ ቀላ። «ደግሞ ቢረሳስ ምን አለበት? ማንም ይረሳል እኮ።»

ፕሬበን ተነስቶ መጣና ከወንበሯ አጠገብ ቁጢጥ አለ። እጇን ያዘ።

«እማዬ፣ ከበዓሉ በኋላ ያንን ቦታ ሄደን ብናየውስ? ማየት ብቻ።»

ቶቬ ውርጅብኝ ልታወርድበት ምላሷን ስታዞር፣ በግራ በኩል፣ በድዷና በጉንጯ መካከል፣ አንድ ለስላሳ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ነገር ነካች።

ክው አለች። መቼ አገኘቻት? መቼ ሸጎጠቻት? ስታገኛት በሆዷ ስቃም ይሆናል፣ አይናርን ላሞኘው ብላም ይሆናል። ፈለገች፣ ለማስታወስ ታገለች፣ ምንም የለም። ያ ቅጽበት ከራሷ ውስጥ ተነቅሎ ወጥቷል።

ሦስቱም እያዩዋት ነው። ቶቬ ሁለት ጣቶቿን አፏ ውስጥ ሰደደችና አልመንዷን አውጥታ ሳህኗ ላይ ጣለቻት።

«አንቺ ሴትዮ!» አይናር ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «እኔን አፍህን ክፈት ስትይ!»

ፕሬበን እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ግንባሯንም ሳማት። «ጉድ ሠራሽን እኮ! እኔ ሞኙ ደግሞ… በቃ፣ ያንን ቦታ ሁለተኛ ላላነሳው!» ሊስቤት ከአንጀቷ ተነፈሰች፤ ፊቷ ላይ ደስታ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ቶቬ አየቻትና አፈረች።

«ታዲያስ!» አለች። «ጃጅታለች ብላችሁ ነበር?»

አሳማውን አምጥተው እጇ ላይ አኖሩላት። ወደ ጭኗ አውርዳ በሁለት እጇ ጨበጠችው። ከዚያም፣ ሦስቱ እየሳቁ ሳለ፣ የቼሪ ስጎውን ካሞቀች በኋላ ምድጃውን አጥፍታው እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች።