ዋርካና እርግብ

ጃዕፈር በዚያ ክረምት ሦስተኛ ደንበኛውን ያጣው ባቱ ላይ፣ የአንድ አበባ እርሻ ቢሮ በረንዳ ላይ ቆሞ ነው።

«ከእርግብ ጋር ተፈራርመናል» አለው ሥራ አስኪያጁ፣ የጃዕፈርን ካርድ በጣቱ እያገላበጠ። «አይክፋህ፣ ወንድሜ።»

አይክፋህ! በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ያላለው ማን አለ? ጃዕፈር የሚሸጠው ዋርካ የሚባል የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ነው። ድርጅቱ በራሱ ስም ደብዳቤ ይልካል፣ ይቀበላል፤ በቃ። እርግብም የሚሸጠው ያንኑ ነው። ዋርካ ዋጋ ሲቀንስ እርግብ ይቀንሳል፤ እርግብ የደብዳቤ ማከማቻ ቦታ ሲጨምር ዋርካ ይጨምራል። ሁለቱ ኩባንያዎች አዲስ አበባ ላይ ይገፋፋሉ፣ አቧራው የሚቀመጠው ግን ጃዕፈር ጫማ ላይ ነው።

ሰውየው ደክሞታል። ማለዳ ከአዳማ መናኸሪያ ሚኒባስ ይይዛል፤ አንድ ቀን ወደ ባቱ፣ አንድ ቀን ወደ ሁሩታ። ላፕቶፑን ይከፍታል፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ ያስረዳል፣ ካርዱን ይሰጣል። ካርዱ ጀርባ ላይ የእጅ ስልኩንና ከተማሪነቱ ጀምሮ የያዘውን የግል ኢሜይል አድራሻ በእስክሪብቶ ይጨምርበታል፤ የግል ሲሰጡት ሰው ይቀርባል ባይ ነው። ያመሰግኑታል፣ ለስላሳ ይጋብዙታል፣ እስከ በር ይሸኙታል። በሳምንቱ እርግብ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ!

አንድ ነገር ግን አልዋጥለት አለ። ለምን ሁልጊዜ እሱ በሄደ በሳምንቱ? የሚሄድበትን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አዳማ ቢሮ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ፕሮግራሙን የምትይዘው ሊዲ። እሷን ደግሞ ከእርግቡ ሻጭ ከሰንበታ ጋር መንገድ ዳር ቆማ ስትስቅ አይቷታል።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ስልኳን ደፍታ ስታስቀምጥ ያያል። ሻይ ስታመጣለት ይጠራጠራል። አንድ ቀን «ጃዕፈር፣ የቀሩህን ካርዶች አምጣልኝና አዲስ ላሳትምልህ። በእስክሪብቶ እየሞነጫጨርክ አታስገምተን» አለችው። ስንት ካርድ እንደቀረው ቆጥራ ስንት ሰው ጋ እንደሄደ ልታውቅ ነው ብሎ ኪሱ ከተታቸው። ጥርጣሬ የገባው ሰው ምን ይሳነዋል!

በዚያው ሰሞን አለቃው አቶ ገብረወልድ ከአዲስ አበባ መጡ።

«አርሲ ነገሌ ያለው የእህል ነጋዴዎች ማኅበር ብቻ ነው የቀረን» አሉት። «እሱን ካጣህ ይህን ቢሮ እዘጋዋለሁ። አንተም ሌላ ሥራ ትፈልጋለህ።»

«ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ጋሼ። ቤታችን ውስጥ ወሬ አቀባይ አለ።»

ሊዲ ተጠራች። «ሰንበታ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ሰላም ብለው ምን አለበት?» አለች። ማን ይስማት? ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ወጣች።

በር ላይ ቆም አለች። «ከእንጀራዬ አፈናቀልከኝ፣ ጃዕፈር። እኔ እኮ ወንድሜ ብዬህ ነበር።»

ጃዕፈር ፊቱን ወደ ላፕቶፑ መለሰ።

አርሲ ነገሌ ቀኑን ለማንም ሳይናገር ሄደ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ሶረቲ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። «አካም ጅርታ?» ብለው ተቀበሉት።

«ነጋ፣ ገለቶማ» ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ። እንደዚያን ቀን አስረድቶ አያውቅም። ነጋዴዎቹ ጠየቁ፣ መለሰ፤ ሳቁ፣ ሳቀ። እንደ ልማዱ ካርዱን ጽፎበት ሰጣቸው። ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ እንቅልፍ ወሰደው።

በሳምንቱ ስልኩ ጮኸ። እርግብን መርጠዋል።

ቅስሙ ተሰበረ። ሊዲ የለች፣ ማንም አልሰማ! በማግስቱ ነገሌ ተመልሶ ወይዘሮ ሶረቲ ፊት ቆመ፤ እንኳን ሊቀመጥ፣ ሰላምታም ረስቷል።

«ሰንበታ መጥቶ ነበር አይደል? እውነቱን ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

«ሰንበታ የሚባል አላውቅም። የመጣ ሰውም የለም፤ እኛው ነን ደውለን የጠራናቸው።»

«ታዲያ ማን መከራችሁ?»

ወይዘሮ ሶረቲ ግራ ገብቷቸው አዩት። «አንተው ነሃ፣ ልጄ!»

«እኔ?»

«እኛ እህል ስንገዛ የሻጩን ወሬ አንሰማም። ለቤቱ ከየትኛው ጆንያ እንደሚያስፈጭ ነው የምናየው» አሉና መሳቢያቸውን ከፍተው ካርዱን አወጡ። ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት።

ከስልክ ቁጥሩ ሥር፣ በጃዕፈር በራሱ እጅ፣ የግል ኢሜይሉ ተጽፏል፤ ከስሙ ቀጥሎ «እርግብ» ይላል።