የእትዬ ጥሩሰው ድንበር

ወርቁ፣ ሰበታ ከተማ ባለው ግቢው የዓሣ ኩሬ ሊያስቆፍር ሲነሳ ቦታው ጠበበው። የጎረቤቱን የእትዬ ጥሩሰውን የድንበር ድንጋይ ነቅሎ አጥሩን ገፋ፤ ሽማግሌ ፊትም "ድንበሩ ድሮም እዚህ ነው" ብሎ ማለ። ኩሬው ሲያልቅ ድንጋዩን ውሃው ውስጥ ጣለው። አሮጊቷ አልተከራከሩም። "እኔ ብተወው ድንበሩ አይተውህም" ብለው ገቡ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

በጥቅምት ኩሬው አልጌ የሚሉትን አረንጓዴ ዝልግልግ የውሃ ተክል አበቀለ። ዓሣውን የሸጠለት ዲኖ አይቶ፣ "ምግብ ታበዛለህ፣ ፀሐዩም በርትቶበታል። ምግቡን ቀንስ፣ ጥላ አብጅለት" አለው። ወርቁ የተባለውን አደረገ፤ ጠዋት ጠዋትም አልጌውን በመረብ ጠርጎ ያወጣዋል። በማግስቱ ተመልሶ በቅሎ ያገኘዋል፤ ያውም በተገፋው መሬት በኩል ብቻ፣ በገመድ እንደተለካ ቀጥ ብሎ።

ቆይቶ የአልጌው መስመር ኩሬውን አልፎ ሣሩ ላይ ወጣ፤ ከዚያ በረንዳው ላይ።

"ወደ እኛ እየገፋ ነው" አለች ሚስቱ ያኔት።

ወርቁ በንዴት በረኪና ደፋበት። ዓሣዎቹ አለቁ፤ አልጌው ንቅንቅ አላለም።

እሁድ ጠዋት ጀርባውን በርዶት ነቃ። ያኔት የተኛችበት አንሶላ ደረቅና ነጭ ነው። በእሱ በኩል ያለው፣ ክንዱና ደረቱ ሳይቀር፣ አረንጓዴ ለብሷል። በሁለቱ መካከል፣ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ያ የድንበር ድንጋይ ቆሟል።