የባቻማ አስተርጓሚ

ቤኑዌ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የናይጄሪያ ከተማ፣ ችሎቱ የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነበር። አሮጊቷ ደግሞ ከባቻማ በቀር ሌላ ቋንቋ አታውቅም። የሟች ባሏን እርሻ የባሏ ወንድም ቀምቷት ነው የከሰሰችው። ዳኛው ከሌጎስ የመጣ እንግዳ ነው ስለተባለ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው አስተርጓሚው አፍ ላይ ነው።

«ምን ይላሉ?» አለ ዳኛው።

«ይሄ ድብልብል እያንቀላፋ ነው የሚፈርድልኝ? ጉቦውን በልቶ ጠግቦ ይሆናል በለው!» አለች አሮጊቷ።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡር ፍርድ ቤቱን እጅ ይነሳሉ። በትዕግሥትዎም ተደንቀዋል።»

ስለ እርሻው ወሰንና ስለ ምስክሮቹ የተናገረችውን ቃል በቃል አደረሰ። ስድቡን ግን ሁሉ ወደ ምርቃት ለወጠው። አዛብቶ መተርጎም እንደሚያሳስር ስለሚያውቅ ሸሚዙ በላብ ርሶ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

ከቀትር በኋላ ዳኛው እርሻው ለአሮጊቷ እንዲመለስ ፈረደ። አስተርጓሚው እፎይ ብሎ የምሥራቹን ሊነግራት ሲዞር፣ ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ቀደመው።

«እማማ፣ እርሻዎ ተመልሶልዎታል። በሰላም ይግቡ» አላት፣ እዚያው ወንዝ ዳር እንዳደገ ሰው ጥርት ባለ ባቻማ።

አስተርጓሚው አግዳሚውን ይዞ ቆመ።

አሮጊቷ ዳኛውን ከላይ እስከ ታች አየችውና ወደ አስተርጓሚው ጠጋ አለች።

«አየህ ልጄ» አለችው፣ «ያልኩትን አንዳች ሳታስቀር ብትነግረው አይደል የፈረደልኝ!»